የዓይን ሞራ ያለባቸውን እናት ወይም አባት ለቀዶ ሕክምና ማብቃት፦ መሃል አዲስ አበባ ለሚኖር ቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

ከአራት ኪሎ እስከ ተክለሃይማኖት፣ ከሰንጋ ተራ እስከ መርካቶ ባሉት ሰፈሮች ግድግዳ እየዳበሱ ወደ ጓሮ የሚወጡ አዛውንት አሉ። ብዙዎቹን ከዓይን ሐኪም የሚለያቸው የአንድ ታክሲ መንገድ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ከባዱ ከቤት ተነስቶ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እስከ መተኛት ያለው መንገድና ከዚያ በኋላ የሚመጣው የጠብታ ወር ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው እጃቸውን ይዞ ለሚሄደው ሰው ነው።

በቤት የሚደረግ ምርመራ

ሞራ ማለት ከብሌኑ ኋላ ያለው ሌንስ ጥራቱን አጥቶ መደፍረስ ነው። አያምም፣ ዓይን አያቀላም፣ ቀስ ብሎ ይመጣል። እናታችሁ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ይበልጥ ይጨልምባቸዋል፣ የመኪና መብራት ይበተንባቸዋል፣ ሰው የሚለዩት በድምፅ ይሆናል።

ምርመራውን በቀን፣ ጥላ ያለበት ግቢ ውስጥ አድርጉ፤ የቀበሌ ቤት ክፍል ብዙ ጊዜ ለርቀቱ አይበቃም። 3 ሜትር በሜትር ለክታችሁ ቁሙ። አንዱን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይሸፍኑ፤ በጣት ከሸፈኑ በክፍተቱ ያያሉ። ጣቶቻችሁን አንዴ ሁለት፣ አንዴ አምስት፣ አንዴ ሦስት እያደረጋችሁ አስቆጥሩ። ከዚያ ሌላውን ዓይን። በተሻለው ዓይናቸው እንኳ በ3 ሜትር መቁጠር ካቃታቸው በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ዓይነ ስውር ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። በ6 ሜትር መቁጠር የሚቸገሩም ቢሆኑ ሳይዘገዩ መታየት አለባቸው። ሁለቱን ዓይን ለየብቻ መፈተን ግዴታ ነው፤ አንዱ ደህና እስካለ ድረስ ሌላው መጥፋቱን ባለቤቱም ላያውቀው ይችላል።

ቀጥሎ ካርቶን ላይ በወፍራም መርፌ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ብሱና በዚያ እያዩ ይቁጠሩ። በቀዳዳው በግልጽ ከተሻላቸው ችግሩ በመነጽር ሊስተካከል ይችላል። ካልተሻላቸው ሞራ ወይም ከዚያ የጠለቀ ሕመም ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉም በላይ ጠቃሚ ነው፤ ቤተሰብ ግን አያደርገውም። ክፍሉን አጨልሙ፣ አንዱን ዓይን በደንብ ሸፍኑ፣ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ አሳዩ። «መብራቱ በየት በኩል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሞራ የቱንም ያህል ቢነጣ ብርሃንን ጨርሶ አይከለክልም፤ የነጣ ሞራ ያለባቸው አዛውንት መብራቱ ያለበትን አቅጣጫ ይነግሯችኋል። ጭራሽ ብርሃን ካላዩ ወይም በአንድ በኩል ብቻ ከጠፋባቸው ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ሕመም)፣ የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) መላቀቅ ወይም ሌላ የነርቭ ጉዳት ሊኖር ይችላል። ይህ ውጤት ከሐኪም ቤት የሚያስቀር አይደለም፤ እንዲያውም መሄዱን ያፋጥነዋል። የሚጠቅመው ግን ተስፋን በልኩ ለመያዝ ነው። «ቀዶ ተደርገው ምንም አላዩም» ከሚባልላቸው ሰዎች የብዙዎቹ ነርቭ ወይም ሬቲና ቀድሞ የተጎዳ ነው፤ ያንን ሰፈሩ ሰምቶ ሌሎች ሦስት አዛውንት ቤት ይቀራሉ።

ነጭ የታየበት ሁሉ ሞራ አይደለም። በጥቁሩ የዓይን ክፍል ዳር ዙሪያውን እንደ ቀለበት የሚታይ ግራጫ መስመር የዕድሜ ምልክት ነው፤ ማየት አይከለክልም። ከአፍንጫ በኩል ተነስቶ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ወደ ብሌኑ የሚያድግ ሥጋ መሰል ነገር ሌላ ሕመም ነው። ከዓይን ፊት፣ ከላይ የተቀመጠ የሚመስል ነጭ ጠባሳ ደግሞ የኮርኒያ (የዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን) ጠባሳ ነው፤ ከትራኮማ፣ ከቁስል ወይም ከባህል መድኃኒት ይመጣል። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይኑን የሚፋቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚታረመው የዓይን ቆቡ ነው።

ቀጠሮ የማይጠበቅላቸው

ድንገት የቀላና የሚያም ዓይን፣ ከራስ ምታትና ከማስመለስ ጋር፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የሚያሳይ ከሆነ የዓይን ግፊት በኃይል ከፍ ብሎ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በሕፃን ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ፣ ወይም በፍላሽ በተነሳ ፎቶ አንዱ ዓይን ነጭ ሆኖ ከወጣ፣ አንድ ሳምንትም አትጠብቁ። ከልደት የመጣ ሞራ ሊሆን ይችላል፤ የዓይን ነቀርሳም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የሚድኑት ቀድመው ሲደረስባቸው ነው። ሕፃን ላይ ሞራው ቶሎ ካልተነሳ አእምሮ በዚያ ዓይን ማየትን ሳይለምድ ይቀራል፤ በኋላ ቀዶ ቢደረግም እይታው ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ቤት ውስጥ ማቆም ያለባችሁ

ሞራን የሚያሟሟ ጠብታ የለም። ማር፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም ዱቄት ዓይን ውስጥ መጨመር ኮርኒያን ያቆስላል፤ ጠባሳው ሞራው ከወጣ በኋላም እይታ ይጋርዳል። ሳይታዘዝ ከፋርማሲ የሚገዛ ዴክሳሜታዞን (የስቴሮይድ ዓይነት) ያለበት ጠብታ ደግሞ ለጊዜው ቅላትና ማሳከክን ያጠፋል፤ ለወራት ሲንጠባጠብ ግን ራሱ ሞራ ያመጣል፣ የዓይን ግፊትም ከፍ አድርጎ ነርቭ ይገድላል። ብልቃጡ ቤት ካለ ለሐኪሙ ለማሳየት ያዙት።

«ሞራው ይብሰል» የሚለውን ምክርም አትቀበሉ። ድሮ፣ ቀዶው በትልቅ ስንጥቅና በስፌት በሚሠራበት ዘመን፣ ትርጉም ነበረው። ዛሬ ግን ከመጠን በላይ የቆየ ሞራ ሌንሱን ያሳብጠዋል ወይም ያፈሰዋል፣ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ከባድ ሕመም ያመጣል፤ ቀዶውም ይከብዳል። የዕለት ኑሮ ማወክ ከጀመረ ጊዜው ደርሷል።

ወረቀቱና መድኑ

እናታችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መንገዱ በጤና ጣቢያ ይጀምራል። በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ መድኑ ወጪውን ሙሉ በሙሉ ላይሸፍንላችሁ ይችላል። የመድን ደብተሩ መታደሱን አስቀድማችሁ እዩ፤ ምዝገባና እድሳት በዓመቱ ውስጥ በተወሰነ ወቅት ስለሚካሄድ ያለፈበት ደብተር ይዞ መሄድ ቀኑን ያባክናል። መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦችን ወረዳው ለይቶ መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። እናታችሁ በዚያ ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን ከወረዳው ወይም ቤት ለቤት ከሚመጡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጠይቁ፤ ከሌሉ መመዝገቢያው ወቅት ሳይደርስ አመልክቱ።

ከፒያሳና ከአካባቢው በልማት ተነስተው ወደ ዳር የሄዱ ቤተሰቦች ተጨማሪ ሥራ አለባቸው። የመታወቂያው አድራሻና የመድን ደብተሩ ወረዳ ካልተጣጣመ ጤና ጣቢያው ሊመልሳችሁ ይችላል። አዲሱ ወረዳ ላይ ዝውውሩን ጨርሱ እንጂ በድሮው ጤና ጣቢያ በትውውቅ ለማለፍ አትሞክሩ፤ ሪፈሩ ሆስፒታል ሲደርስ ይወድቃል። ከገጠር መጥተው እናንተ ዘንድ ያረፉ ዘመድ ከሆኑ ደግሞ መድናቸውና ሪፈራቸው ከመጡበት ወረዳ ነው የሚነሳው። ከመምጣታቸው በፊት በስልክ «ሪፈር ይዛችሁ ኑ» በሏቸው፤ ለአንድ ወረቀት መልሶ አገር ቤት መላክ ለአዛውንት ከባድ ነው።

በጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስማቸው ልክ እንደ መታወቂያቸው መጻፉን፣ ማህተምና ፊርማ መኖሩን፣ ወደ ዓይን ክፍል መባሉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። በዚያው ቀን የደም ግፊትና ስኳር አስለኩ።

የት ይሄዳሉ

ከመሃል ከተማ ቅርብ የሆነው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍልም የሚሠራው እዚያው ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅም የዓይን ክፍል አለው። የኮርኒያ ጠባሳ የተገኘባቸው ሰዎች የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ሊያስፈልጋቸው ስለሚችል ስለ ዓይን ባንክ (ከሞቱ ሰዎች የተለገሰ ኮርኒያ የሚያሰባስበው አገልግሎት) ሐኪማቸውን ይጠይቁ። በየጊዜው የሚደረጉ ነፃ የሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻዎችም አሉ፤ ጤና ጣቢያውንና የሆስፒታሉን ዓይን ክፍል ደጋግማችሁ ጠይቁ። በዘመቻ ቀን ወረፋው ረጅም ስለሆነ ውኃ፣ ምሳና የሚቀመጡበት ነገር ይያዝ።

የግል ክሊኒክ ለመሄድ ንብረት ለመሸጥ የምታስቡ ካላችሁ ይህን እወቁ። በግል ቦታ «ሌዘር» እየተባለ የሚጠራው ፋኮ ብዙውን ጊዜ ሌዘር አይደለም፤ ሌንሱን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ የሚያወጣ ዘዴ ነው። በመንግሥት ሆስፒታልና በዘመቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ደግሞ ሌንሱን ሙሉውን በ6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያወጣል፤ ቀዳዳው ራሱን ስለሚዘጋ ብዙ ጊዜ አይሰፋም። በሁለቱም ቦታ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ኔፓል ውስጥ ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ንጽጽር ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱም ዘዴ 98 በመቶው ታማሚዎች በመነጽር ጥሩ እይታ እንዳገኙ አሳይቷል። ለነጣና ለጠጠረ ሞራ የመንግሥቱ ዘዴ በፍጹም ሁለተኛ ደረጃ አይደለም። ለዚህ ሲባል ቤት አይሸጥም።

የመጀመሪያው ቀን

በጠዋት ድረሱ። ካርድ ስታወጡ ሪፈሩን፣ መታወቂያውንና የመድን ደብተሩን ከእነ ፎቶ ኮፒያቸው አቅርቡ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ጨምራችሁ ያዙ፤ «የግፊት ነጭ ክኒን» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። በተለይ ሁለት ነገሮችን ሳትጠየቁ ተናገሩ። አባታችሁ ለሽንት መቸገር ታምሱሎሲን የሚወስዱ ወይም ከዚህ በፊት የወሰዱ ከሆነ በቀዶው ጊዜ ብሌኑ እንዲጠብብ ያደርጋል፤ ሐኪሙ ካወቀ ይዘጋጅበታል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለም ተናገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

ብሌናቸው በጠብታ እንዲሰፋ ተደርጎ ዓይናቸው ይመረመራል፣ ግፊቱ ይለካል። ከዚያ የሚተካው ሌንስ ቁጥር እንዲታወቅ የዓይን ርዝመትና የኮርኒያ ጉብጠት ይለካል። ይህን ልኬት አትዝለሉት፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ ወፍራም መነጽር ይከተላል። ጠብታው ለሰዓታት እይታ ስለሚያደበዝዝ ሲመለሱ ብቻቸውን አይሂዱ።

ከመውጣታችሁ በፊት የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ ቀጠሮው መቼ ነው? ሌንሱ ከሆስፒታሉ ነው ወይስ ከውጭ ይገዛል? የቀዶ ሕክምና ዕቃና ጠብታስ? መድኑ የትኛውን ይሸፍናል? ከውጭ ከተባለ ዋጋውን በከነማ ፋርማሲና በቀይ መስቀል ፋርማሲ አነጻጽሩ። የመነጽር ወጪ ለብቻው ይያዝ።

ቤተሰቡ በአጠቃላይ ቢያንስ አምስት ጊዜ አጃቢ ያስፈልገዋል፦ ለምርመራ፣ ለቀዶ፣ ለማግስቱ፣ ለአንድ ሳምንትና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ላለው ቀጠሮ። ይህን ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ መጣል ነው በመሃል የሚያስቀረው። ልጆችና ጎረቤት ቀኖቹን ተከፋፍላችሁ በወረቀት ጻፉት። ልጅ የሌላቸው አዛውንት ከሆኑ የእድሩን ዳኛ አነጋግሩ፤ እድር በተራ አጃቢ ሊመድብ ይችላል፣ የታክሲውንም ሊሸፍን ይችላል።

ቀዶው እንዳይራዘም

በዕለቱ የሚመለሱት አብዛኞቹ በሦስት ምክንያት ነው፦ የደም ግፊት፣ ስኳርና በዓይን ዙሪያ ያለ ኢንፌክሽን። ግፊቱ ከ180 በ110 በላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይራዘማል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ በጤና ጣቢያ አስለኩ፤ በዕለቱም የግፊት ክኒናቸውን በጥቂት ውኃ ይውሰዱ። ስኳር ላለባቸው ግን በዕለቱ ምን ይብሉ፣ ኢንሱሊን ይወጉ ወይስ አይወጉ የሚለውን ሆስፒታሉ ይንገራችሁ። ጾመው፣ ተወግተው፣ ወረፋ እየጠበቁ ስኳራቸው የሚወርድባቸው አሉ። ዓይናቸው የሚያዥ ወይም ቆቡ ያበጠ ከሆነ ከቀጠሮው በፊት ተመልሳችሁ አሳዩ።

በዋዜማው ገላቸውንና ፀጉራቸውን በደንብ ይታጠቡ፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሁለት ሳምንት ፊታቸው ላይ ውኃ አይፈስም። ቅቤ የተቀቡ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት ታጥቦ ይውጣ። ኩል አይኳሉ፤ ቀድሞ የተኳሉትም ከሽፋሽፍት ሥር በንጹሕ ውኃ ይጽዳ። በራስ የሚገባ ሹራብ ሳይሆን ከፊት የሚቆለፍ ልብስ ይልበሱ።

ፍርሃታቸውን በቀጥታ አነጋግሩ። ዓይን ወጥቶ የሚመለስ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይወጣም፤ የሚወጣው የደፈረሰው ሌንስ ብቻ ነው። በዓይኑ ዙሪያ ማደንዘዣ ይወጋል፣ እሳቸው ነቅተው በጀርባቸው ይተኛሉ፣ ፊታቸው በጨርቅ ይሸፈናል፣ መብራትና ድምፅ ያያሉ ይሰማሉ። ሳል፣ የወገብ ሕመም ወይም ሽንት ከመጣ እጃቸውን ሳያነሱ በቃል ይናገሩ። ከመግባታቸው በፊት ሽንት ቤት ይሂዱ። አማርኛ የማይናገሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ለነርሷ ንገሩ፤ «አይንቀሳቀሱ» የሚለውን የሚያስተረጉም ሰው አጠገባቸው መኖር አለበት። የሚሠራው የትኛው ዓይን እንደሆነም እናንተው ደግማችሁ አረጋግጡ።

የጠብታው ወር

በማግስቱ ፋሻው ይነሳል። ይህን ቀጠሮ «ደህና ናቸው» ብሎ መቅረት አይቻልም፤ ግፊት የጨመረ ወይም ቀዳዳው ያፈሰሰ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። እይታቸው ያን ቀን ጉም ሊመስል ይችላል፤ በቀናት ውስጥ ይጠራል።

ብዙውን ጊዜ አንቲባዮቲክና መቆጣትን የሚያበርድ ስቴሮይድ ጠብታ ይታዘዛል። ስቴሮይዱ በየሳምንቱ እየቀነሰ ለአንድ ወር ያህል ይቀጥላል። የሐኪማችሁን ወረቀት ተከተሉ፤ ለምሳሌ በቀን ስድስት ጊዜ ከተባለ ጠዋት 1፣ 4፣ 7፣ 10፣ ማታ 1 እና 4 ሰዓት ይሆናል። አራት ጊዜ ከሆነ ጠዋት 1፣ ቀን 6፣ 11 እና ማታ 3 ሰዓት። በትልቅ ፊደል ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉና በተጨመረ ቁጥር ምልክት አድርጉ።

አጨማመሩ እንዲህ ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ብልቃጡ «ይነቅነቅ» የሚል ከሆነ ነቅንቁት። እሳቸው በጀርባቸው ይተኙ ወይም ቀና ይበሉ። የታችኛውን ቆብ በጣት ወደ ታች ሳቡ፣ ዓይኑን ራሱን አትጫኑ። አንድ ጠብታ በቆቡ ኪስ ውስጥ ጣሉ፤ የብልቃጡ አፍ ሽፋሽፍትም ሆነ ቆዳ አይንካ። ቀስ ብለው ይጨፍኑ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በጣት ይያዙ። ሁለተኛው ዓይነት ጠብታ ከ5 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ወዲያው ከተጨመረ የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል።

5 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 100 ጠብታ ገደማ ይይዛል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ስድስት፣ ከዚያ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ጊዜ ከታዘዘ 105 ጠብታ ይሆናል፤ ውጭ የሚፈሰውን ጨምሩበት። ስለዚህ አንድ ብልቃጥ አይበቃም። ሲያልቅ ዝም ብሎ ማቆም ዓይን ውስጥ መቆጣት ያስነሳል። የሁለተኛውን ገንዘብ ከመጀመሪያው አዘጋጁ።

ሌሊት መከላከያ ሽፋኑ ይደረግ፤ በእንቅልፍ ዓይን ማሸት የተለመደ ነው። ዓይንን በነጠላ ጫፍ መጥረግ ይቅር፤ እንባ ከወረደ ጉንጭ ላይ ብቻ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። የምድጃና የጋገራ ጭስ፣ ከባድ ማንሳትና ወደ መሬት ማጎንበስ ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይሆንም። ጸበል ለመጠጣት ችግር የለውም፤ ዓይን ላይ ግን ለወሩ አይፈሰስ። ስግደቱን በምን እንደሚተኩት ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩ፤ ሙስሊም እናት ከሆኑም ሶላታቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው በጭንቅላት ምልክት መስገድ እንደሚችሉ ከኡስታዛቸው ይጠይቁ።

መቆርቆር፣ ትንሽ ቅላትና እንባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጠበቅ ነው። እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ጠርቶ የነበረ እይታ መልሶ መጨለም፣ መግል፣ የቆብ ማበጥ፣ ማስመለስ፣ የመብረቅ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥቁር ነገር ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። ዓይን ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይነሳል፤ በሰዓታት ልዩነት ዓይን ሊያሳጣ ይችላል። ሌሊት ከሆነ ድንገተኛ ክፍል፣ እሑድም ከሆነ ድንገተኛ ክፍል።

ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ

ያኔ መነጽር ይለካል። የተተካው ሌንስ ብዙውን ጊዜ ለሩቅ ስለሚመረጥ ለመርፌ ክር ለማስገባት ወይም ለዳዊት ንባብ የቅርብ መነጽር ያስፈልጋል። ቀድማችሁ አትግዙ፤ ዓይኑ እስኪረጋጋ ቁጥሩ ይለዋወጣል።

ሌላኛው ዓይን ሞራ ካለበት ቀጠሮውን በዚሁ ቀን ያዙ። አንዱ ካየ ይበቃል ብሎ መተው ደረጃ ሲወርዱ ርቀት ያሳስታል፤ ብቻውን የቀረው ዓይን አንድ ነገር ቢደርስበትም መመለሻ አይኖርም። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታቸው ዳግም ከደበዘዘ ሞራው ተመልሶ አይደለም፤ ሰው ሠራሹን ሌንስ የያዘው ቀጭን ሽፋን ደፍርሶ ሊሆን ይችላል። ያ በሌዘር፣ ያለ ቀዶ፣ በደቂቃዎች ይከፈታል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ካርድ፣ የሌንሱን ቁጥር የያዘውን ወረቀትና የሪፈሩን ኮፒ በአንድ ፖስታ ከመድን ደብተሩ ጋር አስቀምጡ።